የደጃፉን ጡብ የጎዳው ውሃ ነው፤ ሲሚንቶ አትጨምርበት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አዳማ ያለ ወንድማችን የእናቱ ቤት መግቢያ በሸክላ ጡብ የተሠራ ነው። ሁለት የበረንዳ ቋሚዎች፣ አራት ደረጃ፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ እስከ ወገብ የሚደርስ የጡብ ግንብ። ቤቱ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከታች ያለው ጡብ እየተላጠና እየተፈረፈረ ነው፤ እናቱ በየጠዋቱ ቀይ ዱቄት ይጠርጋሉ። ነጭ ነገርም ይወጣበታል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ግንበኛ በጡቦቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ ሞላው፤ ከላይ ደግሞ ቫርኒሽ ቀባው። ለጥቂት ወራት አማረ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ባሰበት። አሁን ሌላ ባለሙያ መጥቶ "ሙሉውን በሲሚንቶ ልሰነው ሴራሚክ እንለጥፍበት" ብሎታል። "እሺ ልበለው ወይስ ጡቡ ይድናል?" ብሎ ነው የጠየቀው።

ወንድሜ፣ እሺ አትበለው። ጡቡ ይድናል። የተጎዱትን ጥቂት ጡቦች ትቀይራለህ፣ ሲሚንቶውን ታስወጣለህ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ውሃውን ትከለክላለህ። ትንሽ ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ ምክንያቱ ካልገባህ ከሚመጣው ባለሙያ ጋር መከራከር ስለማትችል ነው። እኔ ጡብና ድንጋይ ስሠራ የኖርኩት እዚሁ አዳማና በዙሪያዋ ነው። የነገርከኝን ዓይነት ደጃፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ብዙዎቹን ያበላሻቸው ደግሞ እርጅና ሳይሆን ጥገናው ነው።

መጀመሪያ ጡቡን ምን እንደሚበላው እንይ። ዩቲዩብ ላይ ያሉት የውጭ ቪዲዮዎች ጡብ የሚላጠው ውስጡ የገባው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ስለሚያብጥ ነው ይላሉ። ለነሱ አገር እውነት ነው። አዳማ ግን ሞቃታማዋ የስምጥ ሸለቆ ከተማችን ናት፣ ግድግዳ ውስጥ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ሌሊት የለንም። የኛን ጡብ የሚበላው ጨው ነው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። አፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በጡቡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሳባል፣ ልክ የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስበው። ውሃው ባዶውን አይመጣም፣ ከአፈሩና ከሲሚንቶው የሟሟ ጨው ይዞ ነው የሚወጣው። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ደግሞ የጡቡን ፊት ቶሎ ያደርቀዋል። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። የቀረው ጨው ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታ ሲያጣ ጡቡን ከውስጥ ይገፋዋል። ጡቡ ፊት ላይ ወጥቶ የምታየው ነጭ ነገር ያን ያህል አያስፈራም፤ የወጣ ጨው ነውና። የሚያስፈራው መውጫ አጥቶ ከፊቱ ጀርባ፣ ግማሽ ሴንቲ ያህል ወደ ውስጥ የጠጠረው ነው። የጡቡን ፊት እንደ ቅርፊት ገፍቶ የሚጥለው እሱ ነው።

አሁን ያ ግንበኛ የሠራውን አስብ። በጡቦቹ መካከል የነበረው የድሮ መገጣጠሚያ ለስለስ ያለ ነበር፣ በጥፍርህ ስትፍቀው የሚበን ዓይነት። ሰው ይሄን ሲያይ "አርጅቷል" ይላል። ግን ያ ለስላሳ ነገር ሥራውን እየሠራ ነበር፤ ውሃው በሱ በኩል ይወጣል፣ ጨውም እሱ ላይ ይከማቻል፣ የሚፈርሰውም እሱ ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል፣ ጡቡ ግን እንዳለ ይኖራል። እሱን አውጥቶ ጠንካራ ሲሚንቶ ሲሞላበት ውሃው በመገጣጠሚያው መውጣት አቃተው። ስለዚህ በጡቡ በኩል መውጣት ጀመረ። እንደገና ቫርኒሽ ተቀባና በጡቡ በኩል ያለውም ተዘጋ። ጨዉ ከቫርኒሹ ጀርባ ጠጠረና የጡቡን ፊት ከነቫርኒሹ ላጠው። ወድቀው የምታገኛቸውን ቅርፊቶች አንዱን አንስተህ ገልብጠህ እየው። ከፊት በኩል ያብረቀርቃል፣ ከጀርባው ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ታገኛለህ። ቫርኒሹ ያለበት ፊት ሙሉ ነው፣ የተሰበረው ከኋላው ነው። ማስረጃህ ያ ነው፣ ለባለሙያውም አሳየው።

ይሄን የምነግርህ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ አዛውንት ደጃፍ ላይ ልክ ይሄንኑ ሠርቻለሁ። ጠንካራ ከሆነ ይቆያል ብዬ 1 ሲሚንቶ ለ 3 አሸዋ የሆነ ድብልቅ ሞላሁበት፣ በጣም ቆንጆ ሆኖ ነበር። ሁለት ክረምት አልፎ ስመለስ መገጣጠሚያው እንደ አጥንት ቆሟል፣ ጡቦቹ በመሃሉ ጎድጉደው እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ሆነዋል። ሰውዬው ምንም አላሉኝም፣ ሻይ ነው ያስቀረቡልኝ። ያን ቀን የተሰማኝ አሁንም ከኔ ጋር አለ። ግንበኛ ሁሉ ልብ እንዲለው የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ መገጣጠሚያው ምንጊዜም ከጡቡ ለስለስ ያለ መሆን አለበት።

ሴራሚክ ለምን አይሆንም ካልክ መልሱ ያው ነው። ቫርኒሹ ስስ ክዳን ነበር፤ ሲሚንቶ ልስንና ሴራሚክ ወፍራም ክዳን ነው። ውሃው መምጣቱን አይተውም፣ አታየውም እንጂ። ከታች መውጣት ሲያቅተው ወደ ላይ ይወጣል፣ አሁን ጉልበት ድረስ ያለው እርጥበት ወገብ ይደርሳል፣ ከዚያ ሴራሚኩን ስታንኳኳው ባዶ ድምፅ ይሰጥሃል፣ ቀጥሎ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ከጀርባው የሚጠብቅህ የሚጠገን ጡብ አይደለም። ደረጃው ላይ ደግሞ እናትህን አስብ። ዝናብ የነካው ለስላሳ ሴራሚክ ደረጃ ለትልቅ ሰው አይሆንም።

እንግዲህ ሥራው። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልግ። መዶሻ ከማንሳትህ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለዚህ ስጥ።

ጣሪያው ላይ ጀምር። አሸንዳው ተቀድዷል? ቱቦው ውሃውን የሚያፈሰው ቋሚው ሥር ነው? ብዙ ጊዜ አንዱ ቋሚ ከሌላው በጣም ተጎድቶ ካገኘኸው ጥፋተኛው በላዩ ያለው አሸንዳ ነው። ቀጥሎ መሬቱን እይ። ውጪ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሎ ግቢያችሁ ዝቅ ብሎ ቀርቷል? ይሄ በየሰፈሩ የደረሰ ነገር ነው፤ ድሮ ወደ ውጪ ይፈስ የነበረው ውሃ አሁን ወደ ደጃፍ ይመጣል። አዳማ ደግሞ ዙሪያዋን ኮረብታ ነው፣ በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉ ከየት እንደሚወርድ አንተም ታውቀዋለህ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለውን አፈር እይ። ባለፉት ዓመታት አፈር፣ አሸዋ፣ ፍርስራሽ እየተጨመረ የጡቡን የታችኛውን ሁለት ሦስት ረድፍ ቀብሮት ይሆናል። ግንቡ ሥር የተተከለ አበባስ አለ? እናትህ ጠዋት ማታ ውሃ ያጠጡት ይሆናል። በረንዳው በየቀኑ በውሃ ይታጠባል? ኦሞ የተጨመረበት ውሃ ራሱ ጨው ይዟል። አበባውን ይንቀሉት አትበላቸው፣ በማሰሮ አድርገህ አንድ ሜትር ራቅ አድርግላቸው። በረንዳውን ደግሞ ከመታጠብ መወልወል ይሻላል።

እርጥበቱ ከመሬት ይሁን ከላይ ካልለየልህ አንድ ቀላል ነገር አለ። ዝናብ ከቆመ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተህ ጡቡን በእጅህ ከላይ ወደ ታች ዳብሰው። ከመሬት የሚነሳ ከሆነ ከታች ቀዝቃዛና ጠቆር ያለ ነው፣ ወደ ላይ እየቀለለ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ በነጭ መስመር ያልቃል። ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጉዳቱ ከመሬት 30 ሴንቲ ድረስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዝናብ መሬት መትቶ የሚረጨው ነው። ከላይ የሚጀምር ከሆነ አሸንዳ ወይም የግንቡ አናት ነው።

ከመሬት ለሚነሳው መድኃኒቱ ይሄ ነው። ግንቡን ተከትለህ 30 ሴንቲ ስፋት ያለው ቦይ ቆፍር፤ አፈሩ ከታችኛው የጡብ ረድፍ ቢያንስ 15 ሴንቲ ዝቅ እንዲል። ውስጡን ጠጠር ሙላው። ሬድ አሽ የምንለው ቀዩ ጠጠር ለዚህ ጥሩ ነው፣ ደቃቁ ከተነፋ በኋላ ማለት ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ውሃ ወደ ላይ አይሳብበትም። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የቦዩ ወለል ከቤቱ ወደ ውጪ ያዘንብል፣ ውሃውም የሚሄድበት ቦታ ይኑረው። መውጫ የሌለው ቦይ ገንዳ ነው። የአዳማ አፈር በብዙ ቦታ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ልቅ አፈርና አሸዋ ነው፣ ደረቅ ሲሆን ቤት ይሸከማል፣ ሲጠግብ ግን ቁጭ ይላል። መሠረትህ ሥር ውሃ አጠራቅመህ ቤቱን እንዳታሰምጠው። የመሠረቱ የታችኛው ጫፍ እስኪታይም አትቆፍር።

ስንጥቅ ካለ እዚህ ጋ ቆም በል። ጡብ መላጥ አንድ ነገር ነው፣ መሰንጠቅ ሌላ ነገር ነው። ደረጃ በደረጃ እየወረደ በመገጣጠሚያዎቹ የሚሄድ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የመሬት መስመጥ ነው። የብረት በሩ ማጠፊያ አካባቢ ያለ ስንጥቅ ደግሞ ጡቡ ውስጥ የተቀበረው ብረት ዝጎ ስላበጠ ነው፤ ብረቱን አውጥተህ ዝገቱን ካላጸዳህና ፀረ ዝገት ካልቀባኸው ጡብ ብትቀይርም መልሶ ይሰነጥቀዋል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጡት የመሬት መንቀጥቀጦች እዚህም ተሰምተዋልና ስንጥቁ ከዚያ ወዲህ የመጣ እንደሆነ እናትህን ጠይቃቸው። ስንጥቁ ላይ ጀሶ በስሱ ለጥፍና ቀኑን ጻፍበት። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ጀሶው ራሱ ከተሰነጠቀ እየተንቀሳቀሰ ነውና መሐንዲስ ጥራ። ጀሶ ጥቅሙ ለዚህ ብቻ ነው። የተላጠውን ጡብ በጀሶ እንዳትሞላው፣ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ አብጦ ይገነጥለዋል።

ውሃው ከተከለከለ በኋላ ግድግዳው ይድረቅ። ወዲያው አትሥራ። ወር ጠብቅ፣ ብትችል ሁለት። ለኛ ከተማ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት በኋላ ነው፣ ክረምቱ አልፎ ግድግዳው ፀሐይ ጠግቦ። በዚህ ጊዜ ነጩ ጨው እንደ ጉድ ይወጣል፣ አትደንግጥ፣ እየደረቀ ስለሆነ ነው። በደረቅ ብሩሽ ጥረገው፣ ከሥር ፕላስቲክ አንጥፈህ ሰብስበህ አውጣው። በውሃ አትጠበው! በውሃ ስታጥበው ጨዉ ሟሙቶ ተመልሶ ጡቡ ውስጥ ይገባል፣ ነገ ደግሞ ይወጣል። አሲድ እንድታደርግበት የሚመክርህም አይጠፋም፣ የመጸዳጃ ቤት ሴራሚክ የሚታጠብበትን ዓይነት። እምቢ በል። መገጣጠሚያውን ይበላል፣ ራሱም ሌላ ጨው ትቶ ይሄዳል። በጣም ጨው የያዙ ጡቦች ካሉ አሮጌ ጋዜጣ ቀደህ በንጹሕ ውሃ አላቁጠው፣ እንደ ሊጥ አድርገህ ሁለት ሴንቲ ውፍረት ለጥፍበት፣ ደርቆ ራሱ እስኪለቅ ተወው። ሲደርቅ ጨዉን ወደ ራሱ ይስበዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ብትደጋግመው ለውጡን ታየዋለህ።

ቫርኒሹ መውጣት አለበት። የቀለም ማስለቀቂያ ቀብተህ በለስላሳ ብሩሽ ነው የሚነሳው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ግራይንደር እንዳታስነካው። ጡብ እንደ ዳቦ ነው፣ እሳት የመታው የውጪ ፊቱ ከውስጡ ይጠነክራል፤ በግራይንደር ፊቱን ስታነሳው ለስላሳውን ለዝናብ ሰጠኸው ማለት ነው።

አሁን የትኛው ጡብ ይቀየራል? ሚስማር ያዝ። የጡቡን ፊት ጫር ጫር አድርገው። ጭረት ብቻ ከተወ ደህና ነው፣ ተወው፣ መልኩ ቢጎዳም ተወው። ሚስማሩ እንደ ቅቤ ከገባ አልቋል። ሁለት ሴንቲና ከዚያ በላይ ጎድጉዶ ያለቀውንም ቀይር። በመሃል ያሉት፣ ፊታቸው ብቻ በስሱ የተላጠ፣ ውስጣቸው ግን ድንጋይ የሆነ አሉ፤ እነሱን አውጥተህ ገልብጠህ መመለስ ይቻላል። 30 ዓመት ወደ ውስጥ ዞሮ የኖረው ፊት አዲስ ነው የሚሆንልህ። መልኩም ከጎረቤቱ ጋር ይመሳሰላል። እኔ ከሁሉ የምወደው ጥገና ይሄ ነው።

አዲስ ጡብ ስትገዛ ቀለሙን ብቻ አትይ። ሁለቱን አንስተህ እርስ በርስ አጋጫቸው፤ ጥሩ የተቃጠለ ጡብ እንደ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጥሬው ደፍ ይላል። አንዱን በደረቁ መዝነው፣ ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ንከረው፣ እንደገና መዝነው። ክብደቱ ከ20 በመቶ በላይ ከጨመረ ለውጪ ሥራ አይሆንም። መጠኑንም ለካ፣ የድሮው ጡብ ውፍረት ካሁኑ ሊለይ ይችላል፣ ሚሊ ሜትሮቹ ረድፉን ያበላሹብሃል። እኔ ብሆን ከሚፈርሱ አሮጌ ቤቶች የወጣ ጡብ ፈልጌ ነው የምገዛው። ፊቱ ላይ ነጭ ጨው ከሌለው፣ ድምፁም ጥሩ ከሆነ ለእናትህ ቤት ከፋብሪካ አዲስ ይልቅ እሱ ይስማማል።

ማውጣቱ ላይ አትቸኩል። አንድ ጡብ እንዴት እንደሚወጣ ልንገርህ። በዙሪያው ያለውን መገጣጠሚያ መሃል መሃሉን በድሪል ተራ በተራ ብሳው፣ ከዚያ በቀጭን መሮና በትንሽ መዶሻ ቀዳዳዎቹን አገናኛቸው። መሮውን ወደምታወጣው ጡብ አዘንብለህ ያዝ፣ ወደ ጎረቤቱ አታዘንብለው። ጡቡ የሚቀየር ስለሆነ እሱን ራሱን ከመሃሉ ሰብረህ ብታወጣው ይቀልሃል፤ የሚገለበጥ ከሆነ ግን በትዕግሥት ዙሪያውን ጨርሰህ በሁለት እጅ እየነቀነቅህ ሳበው። ሲለቅ ታውቀዋለህ፣ ድምፁ ይለወጣል። ጉድጓዱን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ፣ አቧራ አይቅር። መነጽርና ማስክ አድርግ፣ የጡብና የሲሚንቶ አቧራ ሳንባ ውስጥ የሚቀር ነገር ነው። ግንቡ ላይ ከሆንክ አንዱን ዘለህ አንዱን አውጣ፣ ጎን ለጎን ያሉትን በአንዴ ክፍት አትተው። ቋሚዎቹ ላይ ግን አንድ አንድ ብቻ፣ የገባው ጠንክሮ ካላየህ ሌላውን አትንካ። ቋሚው ጣሪያ ወይም ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) ተሸክሞ ከሆነ፣ ውስጡም ብረትና ኮንክሪት ከሌለው፣ በፑንቴሎ፣ ማለትም በጊዜያዊ የድጋፍ ምሰሶ፣ ሳትደግፍ አንድም እንዳታወጣ። እዚህ ላይ ብቻህን አትሥራ፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገብህ ይቁም።

ድብልቁ ላይ ደረስን። ለስላሳ ጡብ ላለው የቆየ ግንብ እኔ የማደርገው 1 ጣሳ ሲሚንቶ፣ 2 ጣሳ ኖራ፣ 9 ጣሳ አሸዋ ነው። ጡቡ ጠንከር ያለ ከሆነ 1 ለ 1 ለ 6። ደረጃው ላይ፣ ሰው ስለሚረግጠው፣ 1 ሲሚንቶ፣ ግማሽ ኖራ፣ 4 ተኩል አሸዋ። ግንበኛው "ይሄ ደካማ ነው" ይልሃል። ደካማ መሆን ስላለበት ነው በለው። ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ይሁን፣ ኦፒሲን (ተራውን ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ለኮንክሪት ተውለት።

ኖራው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለአሲዳማ አፈር ማሳ ላይ የሚበተነው የእርሻ ኖራ ሌላ ነው። እሱ ተፈጭቶ እንጂ ተቃጥሎ አልተሠራም፣ ውሃ ብታደርግበት አይያያዝም። አንተ የምትፈልገው የተቃጠለና ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነውን የግንባታ ኖራ ነው። ያልበረደ፣ ድንጋይ ድንጋዩን ከሰጡህ ራስህ ማብረድ አለብህ፣ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። ልጆች ባሉበት አታድርገው፣ ኖራውን ወደ ውሃው ጨምር እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አታፍስስ። ከፈላ በኋላ ከላዩ ውሃ ሳይጎድልበት ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀመጥ።

አሸዋውን ፈትነው። የብርጭቆ ማሰሮ ወስደህ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ ውሃ አድርግ፣ ክደነውና በደንብ ናጠው፣ አስቀምጠው። እስከ ነገ አትንካው። በሚቀጥለው ቀን አሸዋው ከሥር፣ ጭቃው ከላይ ተለይቶ ታየዋለህ። 10 ሴንቲ አሸዋ ላይ ጭቃው ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ታጥቦ ይምጣ። ለመገጣጠሚያው በቀጭን ወንፊት ይነፋ። ውሃው የቧንቧ ይሁን። ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ካቦካህበት የምትታገለውን ጨው በእጅህ መልሰህ አስገባኸው።

የድሮ ሲሚንቶ ከሁሉም መገጣጠሚያ ይውጣ፣ ከምትቀይራቸው ጡቦች ዙሪያ ብቻ አይደለም። ክፍተቱ 1 ሴንቲ ከሆነ ወደ ውስጥ 2 እስከ 2.5 ሴንቲ ይጸዳ። ከዚያ በታች ከሆነ አዲሱ የሚይዘው ነገር የለም፣ እንደ ቆዳ ይላጣል። የሲሚንቶው ጠርዝ ከጡቡ ጋር ተጣብቆ ጡቡን ይዞ ሊወጣ ነው ካለህ ያንን ቦታ ተወው፣ ራሱ ይለቅ። ጡብ ከሚሰበር ትንሽ ሲሚንቶ ቢቀር ይሻላል።

ከመሙላትህ በፊት ግድግዳውን አርጥበው። ማርጠብ ስል እንዲንጠባጠብ አይደለም፣ ውሃውን ጠጥቶ ፊቱ እርጥብ ግን የማያብረቀርቅ ሲሆን። አዲሶቹንም ጡቦች አረፋ ማውጣት እስኪያቆሙ ውሃ ውስጥ ንከራቸውና አውጥተህ ፊታቸው እስኪመጥ ጠብቅ። ደረቅ ጡብ የድብልቁን ውሃ በሙሉ ይጠጣዋል፣ ቀሪው አሸዋ ብቻ ነው። ድብልቁ ጠጠር ያለ ይሁን፣ በእጅህ ስትጨብጠው ቅርጹን የሚይዝ፣ ግን እጅህን የማያጨቀይ። ስቲላቱራውን (የመገጣጠሚያውን ሙሌት) በቀጭን ብረት ገፋ እያደረግህ በሁለት ዙር ሙላው፣ መጀመሪያ የውስጡን፣ ትንሽ ጠንከር ሲል የላዩን። ጡቡ ፊት ላይ አትለቅልቀው። በአውራ ጣትህ ስትጫነው ምልክት የማይቀበል ሲሆን ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንዲታይ በክብ ብረት አስተካክለው። ከጡቡ ወጣ ብሎ የሚቆም ስቲላቱራ ያምራል፣ ውሃም በላዩ ይቆማል።

የአዳማን ነፋስ አትርሳ። ጠዋት 12 ሰዓት ጀምረህ 4 ሰዓት ላይ አቁም፣ ወይም ጥላው ሲመጣ ከሰዓት ሥራ። ወዲያው እርጥብ ጆንያ አልብሰው። ለ10 ቀን ያህል ጆንያው አይድረቅ፣ ኖራና ፒፒሲ ቀስ ብለው ነው የሚጠነክሩት። ውሃውን በጎማ አታንቧቧበት፣ ጆንያውን ብቻ ረጨት ረጨት። እናትህ ቤት ስለሚውሉ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይርጩልህ።

ደረጃውን ስትመልስ እያንዳንዱ እርከን ወደ ፊት ትንሽ ያዘንብል። በውሃ ልክ አስተካክለህ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ዝቅ አድርገው፣ ዝናብ እንዳይተኛበት። ከጫፍ ያሉትን ጡቦች በጠባብ ጎናቸው አቁመህ ሥራቸው፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃነቀው ጫፉ ነው። የሁለቱን ግንቦች አናት ደግሞ እይ፤ ክፍት ከሆነ ከግንቡ በሁለቱም ጎን 4 ሴንቲ ወጣ የሚል፣ ከሥሩ ውሃ ማንጠባጠቢያ ጭረት ያለው የኮንክሪት ክዳን አልብሰው። ሲጨረስ ምንም አትቀባው፣ ቫርኒሽም ቀለምም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ቢያወጣ በደረቅ መጥረጊያ ጥረገው።

ከገዛኸው ጡብ አሥር ያህል በረንዳው ጥግ ደረቅ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ ኖራና አሸዋ የለካህበትን መጠንም ክዳኑ ሥር ባለው ግድግዳ ላይ በእርሳስ ጻፍበት፣ ነገ ሌላ ግንበኛ ሲመጣ በምን እንደተሠራ ይወቅ። ቋሚዎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ ውስጣቸው ብረት ይኑር አይኑር ካላወቅህ ከመጀመርህ በፊት ከሥርና ከአናት ያለውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።